በሒሳብ መዝጊያ ወራት ስፖርትን እንዴት ላስቀጥል?

በአዲስ አበባ በአንድ የኦዲት ድርጅት የምሠራ፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ የምገኝ ኦዲተር ነኝ። ከኅዳር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ እሮጣለሁ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ግን፣ የደንበኞቻችን የግብር ማሳወቂያ ጊዜ ጥቅምት 30 ስለሚያበቃ፣ ጧት 2 ሰዓት ገብቼ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት የምወጣበት ቀን ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ የክረምቱ ዝናብ አለ።

ቢሮ አጠገብ ባለ ጂም የሦስት ወር ክፍያ ፈጽሜ ነበር፤ ከሥራ ስወጣ ይዘጋል። በምሳ ሰዓት ፈጣን የእግር ጉዞ ሞከርሁ፤ ቢሮው ሻወር ስለሌለው ላብ ይዞ ከደንበኛ ፊት መቀመጥ (ያውም ሙሉ ልብስ ለብሶ) አልሆነልኝም። የሳምንቱን ሩጫ በሙሉ እሑድ ላይ ሳጠራቅመው ደግሞ የግራ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር፤ ሐኪም አይቶት ጉዳት እንደሌለው፣ ነገር ግን በአንድ ቀን ይህን ያህል መሮጥ እንደሌለብኝ ነግሮኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቤት ውስጥ የመዝለያ ገመድና ጥንድ ዳምቤል አለኝ፤ በሥራ ቀናት ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ የማለዳ ጊዜ አለኝ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላም ነጻ ነኝ። ጉልበቴን ሳልጎዳ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብቃቴን ይዤ ለመቆየት፣ ይህን ጊዜ በሩጫና በጡንቻ ማጠንከሪያ መካከል እንዴት ብከፋፍለው ይሻላል?