ኡበር ትቼ የኤሲና የሂተር ሙያ መማር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር? (ሜሪላንድ)

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። 36 አመቴ ነው፣ ስድስት አመት ኡበርና ሊፍት ስነዳ ነው የኖርኩት፣ አሁን ወገቤም አልቻለም ገቢውም እንደድሮው አይደለም፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። አምና በሰመር ቤታችን ኤሲው ቆመና የመጣው ቴክኒሻን ውጪ ያለውን ማሽን ከፍቶ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ የምትመስል እቃ ቀይሮ አስነሳው፣ አጠገቡ ቆሜ ሳየው ይሄን ስራ እኔም ብማረው እችለዋለሁ አልኩኝ፣ ከዛን ቀን ወዲህ ከሃሳቤ አልወጣም። ሃገር ቤት 12ኛ ጨርሻለሁ ሌላ ሙያ የለኝም። አሁን ግራ የገባኝ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ደውዬ በሎን ዘጠኝ ወር ተማር አሉኝ፣ ብሩ ብዙ ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ 608 የሚባል ፈተና ካለፍክ በቂ ነው ሌላው ትርፍ ነው ይለኛል። የቱ ነው ልክ? እንግሊዝኛዬ ለመግባባት ያህል ነው። እድሜዬስ አልፏል ወይ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ቱቦና ሽቦ፦
ወንድሜ እድሜህ አላለፈም፣ እኔ በ34 አመቴ ነው የጀመርኩት አሁን 11 አመት ሆነኝ። ጓደኛህ ያለህ ግማሹ እውነት ነው። ኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት) 608 የሚባለው የፌደራል ህግ ነው፣ ያለሱ የማቀዝቀዣ ጋዝ ያለበትን ሲስተም መክፈትም ሆነ ጋዝ መግዛት አትችልም። ፈተናው ኮር የሚባል አለው፣ ከዛ ታይፕ 1 ለትናንሽ እንደ ቤት ፍሪጅ ላሉት፣ ታይፕ 2 ሃይ ፕሬሸር (ከፍተኛ ግፊት) ለሆኑት ማለት የቤት ኤሲና የሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ፣ ታይፕ 3 ሎው ፕሬሸር (ዝቅተኛ ግፊት) ለትላልቅ ቺለሮች (የህንፃ ማቀዝቀዣ ማሽኖች)። እያንዳንዱ 25 ጥያቄ ነው፣ 18 ከመለስክ አለፍክ፣ አራቱንም ካለፍክ ዩኒቨርሳል ይሰጡሃል፣ አንዴ ካገኘኸው አይቃጠልም ማደስ የለም። ኮርን ካላለፍክ ግን ሌሎቹን ብታልፍም ካርድ የለም ስለዚ እሱን በደንብ አጥና።
ግን ካርዱ ስለ ጋዝ አያያዝና ስለ ህጉ ነው የሚጠይቅህ እንጂ የማይሰራ ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ) ፊት ቆመህ ምን እንደምታደርግ አያስተምርህም። ካርድ ይዞ መጥቶ ቴስተር መያዝ የማይችል ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ አለቃው ሁለት ሳምንት አይታገሰውም።
ሎን የሚባለውን ተወው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እዛው ካውንቲህ ውስጥ ነው፣ የኤችቫክ (የኤሲና የሂተር ሙያ) ኮርስ አለው፣ ለካውንቲው ነዋሪ ክፍያው ይቀንሳል፣ ቨርጂንያ ላላችሁ ደግሞ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ዉድብሪጅ ካምፓስ ያስተምራል። የማታ ክላስ ካለ ጠይቅ፣ ቀን ሄልፐር (የቴክኒሻን ረዳት) ሆነህ ስራ።

ዉድብሪጅ ነኝ፦
ስለ ግል ትምህርት ቤቱ እኔን ጠይቁኝ። ስሙን አልጠራም፣ እኔ ተበድሬ ገብቼ ነበር። ስራ እናስይዛችኋለን ብለው ነው ያስገቡን፣ ክላሱ ላይ ሀያ ሁለት ሰው ሆነን ለሁላችን የሚሰራ ማሽን ሶስት ብቻ ነበር፣ ብዙውን ግዜ ቪድዮ ነው የምናየው። ስንጨርስ የስራ ድረገፅ ሊንክ ላኩልን፣ ሌላ ነገር የለም። ስራ ያገኘሁት በራሴ በር እያንኳኳሁ ነው፣ እዳውን ግን እስካሁን በየወሩ እከፍላለሁ። ከመፈረምህ በፊት የመለማመጃ ላቦራቶሪውን አሳዩኝ በል፣ አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰአት በእጁ ማሽን ይነካል ብለህ ጠይቅ፣ ካላሳዩህ ውጣ።

የዲስፓች እህት፦
እኔ ቴክኒሻን አይደለሁም፣ አንድ የኤችቫክ ካምፓኒ ውስጥ ዲስፓቸር (ቴክኒሻኖቹን ወደ ስራ የምልክ) ነኝ፣ ሄልፐር ሲቀጠር ወረቀቱ በኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ማንም ያልነገረህን ልንገርህ፣ አለቆቼ መጀመሪያ የሚያዩት የመንጃ ሪከርድህን ነው። ቫን ነው የሚሰጡህ፣ ኢንሹራንሱ ካልተቀበለህ ምንም ብትችል አይቀጥሩህም። ስድስት አመት ነድተህ ሪከርድህ ንፁህ ከሆነ አካባቢውንም እንደ መዳፍህ ስለምታውቀው ሪዙሜህ ላይ ከላይ ፃፈው። ሁለተኛ ከደምበኛ ጋር እንዴት እንደምታወራ ያያሉ፣ ኡበር ላይ ያለህ ሬቲንግ ጥሩ ከሆነ እሱንም ጥቀስ አትፈር።
እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ ሲጨርሱ ታብሌት ላይ ምን እንዳገኙና ምን እንደሰሩ መፃፍ አለ፣ የሚቸገሩት እሱ ላይ ነው። የእቃዎቹን ስም በእንግሊዝኛ አጥና፣ አጭር አድርገህ መፃፍ ተለማመድ። ሰው የሚፈለገው በስፕሪንግ ስለሆነ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ አመልክት፣ ጁላይ ላይ ስትመጣ ሁሉም ሩጫ ላይ ነው ማንም የሚያስተምርህ የለም።

ባለ ዩኒየኑ፦
የዩኒየኑን መንገድ ማንም አላነሳውም እኮ። ስቲምፊተርስ ሎካል 602 (የቧንቧና የኤሲ ሰራተኞች ማህበር) ዲሲና አካባቢውን ይይዛል፣ አምስት አመት አፕረንቲስ (ተለማማጅ) ነህ፣ ቀን እየሰራህ ይከፈልሃል ትምህርቱም ከዛው ጋር ነው፣ በየደረጃው ደሞዝህ ይጨምራል፣ ኢንሹራንስና ጡረታ አለው። ስራው በብዛት ትልልቅ ህንፃ ነው እንጂ የሰው ቤት አይደለም። ለመግባት ፈተና አለው ሂሳብ አለበት፣ ክፍልፋይና አልጀብራ ከልስ። የ12ኛ ወረቀትህን ካሁኑ አስተርጉመህ አዘጋጅ፣ እኔ በሱ ምክንያት አንድ ዙር አልፎኛል።

ከዊተን (24 አመት በስራው)፦
ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ፍሪጅ እጠግን ነበር፣ እዚህ ስመጣ የማውቅ መስሎኝ ነበር። እዛ ጋዝ የምንሞላው ቱቦው ላብ እስኪያወጣ ድረስ በእጃችን እየነካን ነው፣ የድሮውን ጋዝ ደግሞ ወደ ሰማይ ነበር የምንለቀው፣ እዚህ መልቀቅ በህግ ያስቀጣል፣ ትክክልም ነው። እዚህ ያስተማረኝ ሽማግሌ መጀመሪያ ያለኝ ቃል ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ፈሳሽ መጭመቅ አይችልም የሚል ነው። ከኢቫፖሬተሩ (ሙቀቱን ከአየሩ የሚወስደው ቀዝቃዛው ክፍል) የሚወጣው ጋዝ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት መሆን አለበት፣ ፈሳሽ ይዞ ከተመለሰ ኮምፕረሰሩን ይሰብረዋል። ሱፐርሂት የሚሉት እሱን ለማወቅ ነው፣ በጌጅ ግፊቱን ታነባለህ፣ በዛ ግፊት ጋዙ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ከቻርቱ ታያለህ፣ ከዛ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመለሰውን ቱቦ ሙቀት ለክተህ ልዩነቱን ታወጣለህ። ይሄ አንድ ነገር በደንብ ከገባህ ሌላው ተከትሎ ይመጣል።
ግን ከጋዙ በፊት ኤሌክትሪክ! በኔ ልምድ ሰመር ላይ ኤሲ ቆመ ተብለህ ስትሄድ አብዛኛው ችግር ጋዝ አይደለም ኤሌክትሪክ ነው። ያየሃት ጣሳ ካፓሲተር (ሞተሩን ለማስነሳት ኤሌክትሪክ የምትይዝ) ናት። መብራት ከጠፋ በኋላም ቻርጅ ይዛ ትቆያለች ስለዚ ባዶ እጅህን እንዳታስገባ። ቴርሞስታቱ የሚሰራው በ24 ቮልት ነው፣ አር ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት፣ ሲ መመለሻው፣ ዋይ ማቀዝቀዣው፣ ደብልዩ ማሞቂያው፣ ጂ ፋኑ፣ እነዚህን አምስት ሽቦዎች በህልምህ እስክታያቸው ተማር።
ጋዙም እየተቀየረ ነው፣ ከ2025 ጀምሮ አዲስ የሚመረቱት የቤት ማሽኖች በድሮው ጋዝ በ410ኤ ፋንታ አር 32 ወይ አር 454ቢ ነው የሚጠቀሙት፣ እነዚህ በትንሹም ቢሆን እሳት የሚይዙ ናቸው። አዲስ ጀማሪ መሆንህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል፣ እኛ የድሮ ልማድ መተው ነው የከበደን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎ የፃፉትን ሶስቴ ነው ያነበብኩት። ሎኑን ተውኩት። ሁለት ነገር ብቻ፣ እቃ ምን ልግዛ? ላይሰንሱስ እንዴት ነው?

ቱቦና ሽቦ፦
ቫኪዩም ፓምፕና ሪከቨሪ ማሽን (ጋዝ መሰብሰቢያ) እንዳትገዛ ካምፓኒው አለው። ጥሩ ሜትር ግዛ፣ ካፓሲተር የሚለካና ማይክሮአምፕ የሚያነብ ይሁን፣ ማይክሮአምፑ (በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ መለኪያ) ለፈርነስ ፍሌም ሴንሰር (እሳቱ መብራቱን የሚያውቀው እቃ) ያስፈልግሃል። 1/4 እና 5/16 ነት ድራይቨር፣ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ጓንት፣ ጥሩ ቦት፣ ለጉልበትህ ፓድ። ጁላይ አቲክ ውስጥ ስትገባ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ውሃ ሳትይዝ እንዳትወጣ።
ላይሰንስ ሜሪላንድ መጀመሪያ አፕረንቲስ ነው፣ ላይሰንስ ያለው ማስተር (ዋና ባለሙያ) ስር ሆነህ ትሰራለህ፣ ሶስት አመት ከሰራህ በኋላ ለጆርኒማን (ከአፕረንቲስ ቀጥሎ ላለው ደረጃ) ትፈተናለህ። ቨርጂንያ ግን የራሱ የልምድና የክላስ ሰአት መስፈርት አለው፣ ስለዚ የተማርክበትን ሰአትና የሰራህበትን ሁሉ ወረቀቱን ያዝ፣ ነገ ወንዝ ተሻግረህ ብትሰራ ይጠቅምሃል።

ከዊተን (24 አመት በስራው)፦
ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የሃበሻ ሬስቶራንቶችን ዎክ ኢን (ሰው የሚገባበት ትልቅ ፍሪጅ) እሰራለሁ። ክላስ ከተመዘገብክ በኋላ በውስጥ ፃፍልኝ፣ ቦትህን አድርገህ ና፣ መጀመሪያ የምናደርገው ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ውጪ የሚያወጣው ክፍል) ማጠብ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)፦
እመጣለሁ ጋሼ። ሰኞ ጠዋት ኮሌጁ ሄጄ ስለማታው ክላስ እጠይቃለሁ፣ የነገሩኝን እዚሁ እፅፋለሁ።