ቅዱስ የተባለ ተራራ ይወጣ ወይስ ይተው? (ክርክር)

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የሰሞኑ ንባባችን ስለ ተራራ የተጻፉ መጻሕፍት ላይ ነው። የታሪክም፣ የግል ትግልም፣ የእምነትም አሉበት። ከንባቡ መሃል አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ስለመጣ ለክርክር አቅርቤዋለሁ። አንድ ሕዝብ «ይህ ተራራ ቅዱስ ነው፣ አትውጡበት» ካለ ሌላው ሰው የመውጣት መብት አለው? አውስትራሊያ ውስጥ ያለው ኡሉሩ የተባለ ግዙፍ አለት ኦክቶበር 26 ቀን 2019 ለሚወጡ ሰዎች ተዘግቷል። (ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጠቀም።) ውሳኔው ብዙ ሰው አስደስቷል፤ «ተፈጥሮ የሁሉም ነው» ብሎ የተቆጣም ብዙ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ካነበባችሁት እያነሳችሁ ተከራከሩ።

ብራና፦
እኔ መከልከል አለበት ባይ ነኝ። ከኡሉሩ ልጀምር። መሬቱ ለአካባቢው ነባር ሕዝብ ለአናንጉ በሕግ የተመለሰው በ1985 ነው። መውጣት የቀረው ልክ በ34 ዓመቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ግርጌው ላይ «እባካችሁ አትውጡ» የሚል ሰሌዳ ነበር። ሰዉ ሰሌዳውን አንብቦ፣ አለቱ ላይ የተተከለውን ሰንሰለት ይዞ ይወጣል። ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ30 በላይ ሰዎች እዚያ ሞተዋል። አናንጉዎች በምድራቸው ላይ እንግዳ ሲሞት ወይም ሲጎዳ ሐዘኑ የራሳቸው ነው። እንግዳውን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለባቸው ያምናሉ። እና ይሄ እንዴት ንፉግነት ይባላል? መዘጋቱ ሲታወጅ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለመውጣት የተሰለፈው ሕዝብ ለጉድ ነበር። በልመና የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ሕግ የሚያስፈልገው።

ዳገት፦
እህቴ ብራና፣ ሐዘናቸውን አከብራለሁ። ግን «ቅዱስ ነው» የሚለው ማን ነው? ይህ ሳይጠየቅ ቃሉ ብቻውን ሕግ መሆን የለበትም። ጃፓን ውስጥ ኦሚኔ የሚባል ተራራ አለ። እስከ ዛሬ ሴት አትወጣበትም። የመውጫው መንገድ ላይ በር ቆሟል፤ ሴት ከዚህ አታልፍም የሚል ጽሑፍ አለበት። ፉጂም እንደዚያ ነበር፤ ክልከላው የተነሳው በ1872 ነው። ያኔም የተሰጠው ምክንያት ቅድስና ነው። በቅድስና ስም የተዘጋ በር ሁሉ ይከበር ካልን ይሄንንም እናክብር?

ሌላም አለኝ። እምነትና መውጣት መቼ ተጣሉ? ፉጂን ለዘመናት ሲወጡ የኖሩት ምእመናን ናቸው። ነጭ ለብሰው፣ እየጸለዩ። መውጣቱ ራሱ አምልኳቸው ነው።

ጀማሪ አንባቢ፦
እኔንም ግራ የገባኝ እሱ ነው። ሙሴ ራሱ ሲና ላይ ወጥቶ አይደል እንዴ ሕጉን የተቀበለው?

ቀንዲል፦
ወንድሜ፣ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 19ን ረጋ ብለህ እየው። ሙሴ የወጣው ተጠርቶ ነው። ለሕዝቡ ግን በተራራው ዙሪያ ወሰን ተደረገለት፤ ተራራውን የነካ ይሙት ተባለ። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ከታች ሆኖ ይጠብቃል። ሁለቱም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ዳገትም ብራናም ከዚያ መጥቀስ ይችላሉ፤ አንዳቸውም ግን ሙሉውን ለብቻቸው ሊወስዱት አይችሉም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ሲና ላይ የሆነው ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ኤጌሪያ የተባለች ሴት ከምዕራብ ተነስታ ሲና ድረስ መጥታለች። ጉዞዋን ራሷ ጽፋዋለች። ተራራው በዙሪያ እየተጠመዘዘ ቀስ ተብሎ የሚወጣ እንዳልሆነ፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ እንደሚወጣ ትናገራለች። እንዲህ ለፍታ ወጥታ ምን አደረገች? ቦታ ቦታው ላይ ስትደርስ ስለዚያ ቦታ የሚናገረው ክፍል ከመጽሐፍ ቅዱስ እንዲነበብ ታደርጋለች። መነኮሳቱ በተራራው ላይ ከሚበቅለው ፍሬ በረከት ብለው ሰጧት። እሷም ጻፈችው። ጽሑፏ ውስጥ «ደረስኩበት» የሚል ፉከራ የለም።

ኋላም የሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ስለ መንፈሳዊ ሕይወት ባለ 30 እርከን መሰላል ጻፈ። ሰውየው ከዚያ ሁሉ ቋጥኝ ሥር ተቀምጦ የጻፈው ስለ ቁጣ፣ ስለ ሆዳምነት፣ ስለ ትዕቢት ነው። ስለ ተራራ ከተጻፉት ሁሉ ለእኔ ከእነዚህ ሁለቱ የሚበልጥ የለም።

ዳገት፦
ቀንዲል፣ እግዜር ይስጥህ፣ ለእኔ መሰከርክልኝ! ኤጌሪያ ሴት ናት፣ እንግዳም ናት፣ ወጥታለች። የመለሳት የለም። እንዲያውም ፍሬ ሰጥተው ተቀበሏት።

ቀንዲል፦
የተቀበሏት ግን የቦታው ሰዎች ናቸው። ፈቅደውላታል። ጥያቄው እኮ «አትውጡ» ሲባል ምን እናድርግ ነው።

ገደል ማሚቶ፦
ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። እኔ ነገሩን ከመጻሕፍቱ በኩል ልየው። ክርክሩ ያለው እዚያ ይመስለኛል። ስለ ተራራ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የአንዱን ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ከታች የሚኖረው አይሰማም፣ የተሸከመው አይሰማም። ከዚያ «መብት አለኝ» የሚለው ክርክር ትክክል ይመስለናል፤ ምክንያቱም ሌላውን ወገን አልሰማነውም።

ከጥንቱ ልጀምር። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ በ1336 ከወንድሙ ጋር ፈረንሳይ ውስጥ ያለውን ሞን ቫንቱ ወጣ። ስለዚህ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይነበባል። ጫፍ ላይ የቅዱስ አውግስጢኖስን «ኑዛዜ» የተባለ መጽሐፍ ከኪሱ አውጥቶ ገለጠ። ሰዎች የተራራን ከፍታ ሊያደንቁ እንደሚሄዱና ራሳቸውን እንደሚዘነጉ የሚናገረው ቦታ ተገለጠለት። ደንግጦ ዝም አለ፤ እስኪወርድም ቃል አልተነፈሰም። ሁሉም ሰው ይህን ይጠቅሳል። እዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግን አንድ ሽማግሌ እረኛ አለ። በተራራው ሸለቆ ውስጥ አገኙት። «ተመለሱ» አላቸው። እሱ ከ50 ዓመት በፊት ወጥቶት ነበር፤ ትርፉ ድካም፣ ጸጸት፣ እሾህና ድንጋይ የቀደደው አካልና ልብስ እንደሆነ ነገራቸው። እንግዲህ አስቡት። ፔትራርክን የመጀመሪያው ተራራ ወጪ እያሉ የሚያወድሱ ብዙ ናቸው። እረኛው ግን ቀድሞት ወጥቷል። መጽሐፍ ስላልጻፈ ስሙን እንኳ አናውቅም።

ኤቨረስትም ላይ ያው ነው። ሜይ 29 ቀን 1953 የኒውዚላንዱ ሂላሪና ከተራራው አካባቢ ነዋሪዎች ከሼርፓዎች ወገን የሆነው ቴንዚንግ ጫፍ ደረሱ። ያኔ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ የጠየቀው «ማን ቀደመ?» ብሎ ነው። ቴንዚንግ ብዙ ቋንቋ ይናገራል፣ ማንበብና መጻፍ ግን አይችልም ነበር። በ1955 ሕይወቱን ለጸሐፊ ተርኮ በመጽሐፍ ወጣለት። እዚያ ላይ ሂላሪ በጥቂት እርምጃ እንደቀደመው ራሱ ተናገረ። ጫፍ ላይ ያደረገውንም ነገረን። በረዶውን ቆፍሮ ጣፋጭ ነገር ቀበረ፤ ትንሿ ልጁ የሰጠችውን አጭር እርሳስም አብሮ ቀበረ። ለተራራው መባ ነው። ሂላሪ ደግሞ የቡድኑ መሪ የሰጠውን ትንሽ መስቀል አኖረ። ሁለት ሰው፣ ሁለት እምነት፣ አንድ ጫፍ። ቴንዚንግ ባይተርክልን ኖሮ የእርሳሱን ነገር ማን ይነግረን ነበር?

የግል ትግል መጻሕፍትንም በዚህ ዓይን ነው የማነባቸው። በ1950 ፈረንሳዮቹ ሄርዞግና ላሽናል አናፑርናን ወጡ። ከ8,000 ሜትር በላይ ከሆኑት ተራሮች መጀመሪያ የተወጣው እሱ ነው። ሄርዞግ ጣቶቹን በብርድ አጥቶ ሆስፒታል ተኝቶ እየተናገረ መጽሐፉን አስጻፈ። መጽሐፉ ዓለምን ያዳረሰ የጀግንነት ታሪክ ሆነ። የቡድኑ አባላት ግን ለአምስት ዓመት ምንም እንዳይጽፉ ፈርመው ነበር የሄዱት። ላሽናል እግሩ እየቀዘቀዘ መመለስ ፈልጎ ነበር። ወደፊት የቀጠለው፣ ጓደኛው ብቻውን ከሄደ እንደማይመለስ ስላወቀ ነው። የእግሩን ጣቶች በሙሉ አጣ። ማስታወሻው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1956 ነው፤ ያውም ተቆራርጦ። ሳይቆረጥ የወጣው በ1996 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንባቢው ግማሹን ታሪክ ነው ያነበበው። ለጓደኛ ብሎ እግርን መስጠት ከባንዲራ መትከል አይበልጥም?

ጀማሪ አንባቢ፦
የእርሳሷ ነገር ልቤን ነካኝ። ግን ገደል ማሚቶ፣ አንተ በየትኛው ወገን ነህ? ይውጡ ወይስ አይውጡ?

ገደል ማሚቶ፦
የቦታው ሰው «አይሆንም» ካለ አይወጣም። ቁርጡን ስትጠይቀኝ መልሴ ይሄ ነው።

ብራና፦
ይኸው! ሌላም ልጨምር። በዓለም በከፍታ ሦስተኛ የሆነው ካንቼንጁንጋ 8,586 ሜትር ነው። በ1955 ሁለት የእንግሊዝ ወጪዎች ጫፉ አጠገብ ደረሱ። ተራራው ሥር ያሉት የሲኪም ሰዎች ተራራውን ቅዱስ ስለሚሉ የመጨረሻዋን ጫፍ እንዳይረግጡ ቃል ተገብቶ ነበር። ጥቂት እርምጃ ሲቀር ቆሙ። ፖሊስ የለም፣ የሚያያቸው የለም። በማግስቱ የወጡት ሁለቱም እንደዚያው አደረጉ። የተራራው ክብርም የእነሱም ስም ተጠብቆ ቀረ። ቲቤት ውስጥ ያለው ካይላሽም ከ6,600 ሜትር በላይ ነው፤ በታሪክ የተመዘገበ ወጪ የለውም። ሂንዱው፣ ቡድሂስቱ፣ ጃይኑ፣ የቦን እምነት ተከታዩ 52 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያውን ይዞረዋል እንጂ አይወጣውም። ኤቨረስትን ያለ ኦክስጅን መጀመሪያ ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ሜስነር በ1980ዎቹ ፈቃድ ቀርቦለት እንኳ ካይላሽን አልወጣም። አቅም ያለው ሰው ሲተው ነው መተው የሚባለው።

ዳገት፦
ልክ ነሽ፣ ግን እስቲ ያልሽውን መልሰሽ እይው። የካንቼንጁንጋዎቹ በቃላቸው ነው የቆሙት። ሜስነርም በራሱ ፈቃድ ነው የተወው። ሁለቱም የኔ ማስረጃ ናቸው! መከበር ከሰው ልብ ሲመጣ ነው ዋጋ ያለው። አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ ዴቪልስ ታወር የሚባል አለት አለ፤ ለብዙ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ቅዱስ ነው። ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ጁን ወር ላይ ወጪዎች በፈቃዳቸው እንዲተዉት ይጠየቃሉ። አብዛኛው ይተዋል። ይሄ አይሻልም?

ብራና፦
አብዛኛው ይተዋል፣ የቀረው ግን ይወጣል። በዚያው ወር፣ ሰዎቹ ከታች እየጸለዩ። የኡሉሩን ሰሌዳ አትርሳ። ለዓመታት በልመና ነው የተሞከረው።

የኦሚኔን ጥያቄህን ግን ላልፈው አልፈልግም፣ ከባድ ነው። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኡሉሩ ለጎብኚ ሁሉ እኩል ተዘጋ። ኦሚኔ ለወንዱ ክፍት ሆኖ ለሴቷ ብቻ ተዘጋ። አንዱ ቦታውን ሲያከብር ሌላው ሰውን ከሰው ይለያል።

ገደል ማሚቶ፦
«በፈቃድ» ለሚለው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ኤፕሪል 18 ቀን 2014 ኤቨረስት ላይ በረዶ ተንዶ 16 የኔፓል ሠራተኞች ሞቱ። የሌሎችን ዕቃና መንገድ ሲያዘጋጁ ነው የሞቱት። ሼርፓዎቹ በዚያ ወቅት አንሠራም አሉ፤ በኔፓል በኩል የዚያ ወቅት መውጣት በአብዛኛው በዚያው ቆመ። ከዚያ በፊት ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው ነበር? ደመወዝ ተከፍሏቸዋል፣ እሺ። ግን መውጣት ከመጀመሩ በፊት ለተራራው የሚጸልዩት እነሱ ናቸው፤ ደንበኛው አጠገባቸው ቆሞ ፎቶ ያነሳል። መጽሐፉ ሲወጣም ያ ጸሎት አንድ አንቀጽ ነው፣ ለማስዋቢያ።

ዳገት፦
ይሄኛው ነጥብ ገብቶኛል። ባለቤቱ ይወስን ቢባል እሺ ልበል። አንድ ነገር ግን አልለቅም፦ ባለቤቱ ማለት ሽማግሌው ብቻ አይደለም። ኦሚኔ ሥር የሚኖሩ ሴቶች አሉ። ብራና፣ «ሰውን ከሰው ይለያል» ብለሽ አልፈሽዋል። እነዚያ ሴቶች ነገ «ይከፈትልን» ቢሉ፣ ቀሳውስቱ ደግሞ «አይሆንም» ቢሉ፣ የማንን ቃል ነው የምታከብሪው? መልስሽን ከሰማሁ በኋላ ስለ ኡሉሩ እንቀጥላለን።