የ9 ወር ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ ትንፋሹ ባሰበት፤ ምን ብዬ ልጠይቅ?

የቢኒ እናት፦
ሰላም ናችሁ? ልጄ በሳንባ ምች ተኝቷል፤ ኦክስጅን በአፍንጫው እየወሰደ ነው። ትናንት ይጫወት ነበር። ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ጡት አልይዝ አለ፤ ሲተነፍስ ደረቱ ይሰረጉዳል። የደሙን ኦክስጅን የሚለካው ማሽን 93 በመቶ ስለሚል «ደህና ነው» ይሉኛል። ልቤ ግን አልቀበል አለኝ። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ይግባልኝ ልበል?

ሲስተር ከጎንደር፦
እታለም፣ ስልኩን አስቀምጪና ተረኛዋን ነርስ ጥሪ። 93 እኮ ከነኦክስጅኑ ነው! ልጁ ምን ያህል እየለፋ እንደሚተነፍስ ቁጥሩ አይነግርሽም። «ጨነቀኝ» ብቻ ካልሽ ያጽናኑሽና ይሄዳሉ። «ከሰዓት ጀምሮ አልጠባም፤ ደረቱ እየተሰረጎደ ነው፤ ትንፋሹን ቁጠሩልኝ» በያቸው። ሳያለቅስ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። በሱ ዕድሜ 50ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ካቃሰተ፣ ከፈዘዘ ወይ ከንፈሩ ከጠቆረ ቆጠራ የለም፤ ጮኸሽ ተጣሪ። በግድም አታጥቢው፤ ትን ይለዋል።

አባ ሶሊያና፦
የኛዋ ጊዜ አይሲዩ አልጋ አልነበረም። ሐኪሟ እዚያው ዋርድ ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) አደረገችላት። የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ቡልቅታው ሲቆም አየር የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው ማለት ነው ብለውኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠርሙሱ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ቀጥ ሲል ነርሷን እጠራለሁ።

ሪዚደንት፦
አይሲዩውን ሐኪም ይወስናል፤ አንቺ «አሁኑኑ ሐኪም ይየው» በይ። የደም ስኳሩም ይለካ፤ ያልጠባ ሕፃን ስኳሩ ቶሎ ይወርዳል። አንድ ነገር ግን፦ ዘመድ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ማለቱ አይቀርም። አትገፋፉ። ስኳሩ ከወረደ ራሳቸው መጥነው ይሰጡታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተሠራ ጥናት፣ በትኩሳት ክፉኛ ታመው የደም ዝውውራቸው ለተዳከመ ሕፃናት ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት በደም ሥር መስጠት ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ሪፈር ከተባለ ደግሞ አምቡላንሱ ላይ የሚሠራ ኦክስጅን መኖሩን ሳታረጋግጡ እንዳትነሱ።

የቢኒ እናት፦
ቆጠሩለት፤ 68 ሆነ። ተረኛው ሐኪም መጥቷል፤ ሲፓፕ እያዘጋጁ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ሲስተር ከጎንደር፦
ጎሽ! ጡትሽን እያለብሽ ቆዪ፤ በአፍንጫ ቱቦ መመገብ ሲጀምሩ ይፈልጉታል።