የፔጆ 504 ስቴሽን ዋገንን የኋላ ቅርጽ መለወጥ ተገቢ ነው?

ጠያቂ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ያወረሰኝ ፔጆ 504 ስቴሽን ዋገን፣ ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያለው ፋሚሊያል የሚባለው፣ ሙሉ ቀለም ለመቀባት እዚሁ አዳማ አንድ ጋራዥ ገብቷል። ላሜራ ሠሪው ከኋላው በር ሥር የበላውን ዝገት ቆርጦ ካወጣ በኋላ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ ብረት (ፖርቶ መጋላውን) ጨርሶ እንዳስወግድ፣ የኋላውን ሞላ ቆርጦ መኪናውን ዝቅ እንዲያደርገውና የመጨረሻዎቹን የጎን መስታወቶች በላሜራ እንዲደፍናቸው ሐሳብ አቀረበልኝ። ምክንያቱ «ከኋላ ሲታይ የጭነት መኪና ይመስላል» የሚል ነው። በልጅነቴ ወደ ሶደሬ ስንወርድ ከሦስተኛው ረድፍ ተቀምጬ መንገዱን የማየው በዚያ መስታወት ስለነበር፣ እሺ ለማለት አንደበቴ እምቢ አለኝ። ሆኖም ትዝታዬ ፍርዴን አዛብቶት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የስቴሽኑ ቅርጽ በራሱ ውበት አለው ወይስ ከኋላ ኮፈን ያለው አውቶሞቢሉ ብቻ ነው የሚያምረው?

መልስ 1
ወንድሜ፣ መስታወቱን አያስነኩ። አውቶሞቢሉ 504 እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ ሰው ሁሉ የተነጋገረበት መሀል ላይ ሰበር ብሎ ቁልቁል የሚወርደው የኋላ ኮፈኑ ነው፤ ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ኩባንያ የፒኒንፋሪና እጅ ጎልቶ የሚታየውም እዚያ ላይ ነው። ስቴሽኑ ያ ስብራት የለውም፤ ብዙዎች «ውበቱን አጣ» የሚሉትም ለዚህ ነው። እኔ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከተለው ስቴሽን አውቶሞቢል ላይ ሳጥን በመጫን የተሠራ አይደለም፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ከ2.74 ሜትር ወደ 2.90 ሜትር እንዲረዝም ተደርጓል። ከጎን ቆመው ቢያዩት ጣሪያው ከሾፌሩ ራስ እስከ ኋላው በር ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ ከሥሩም መስታወቶቹ ተከታትለው ይሄዱለታል። የመጨረሻውን መስታወት ሲደፍኑት ያ መስመር መሀል ላይ ይቆረጥና መኪናው በእርግጥም የጭነት መኪና ይሆናል። ላሜራ ሠሪው ሊሸሽ የፈለገውን ነገር ራሱ ሊያመጣው ነው ማለት ነው።

ሞላውን በተመለከተ ደግሞ ቅርጹን ወደ ጎን እንተወውና፣ የስቴሽኑ የኋላ አክስል በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ሞላ የተሰጠው ሰባት ሰውና ሻንጣቸውን እንዲሸከም ነው። ባዶውን ሲቆም ከኋላ ቀና የሚለውም ለዚሁ ነው፤ ሰው ሲሞላበት ይስተካከላል። የተቆረጠ ሞላ ማረፊያ ቦታው ላይ በደንብ ስለማይገጥም አደጋ አለው።

መልስ 2
ከላይ በተጻፈው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን በቅርጽ ረገድ ከስቴሽኖች ሁሉ የማስቀድመው መርሴዲስ 123ን ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1977 ለዕይታ ሲያቀርበው፣ ቀደም ሲል ሌሎች አካል ሠሪዎች ይሠሩለት የነበረውን ስቴሽን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ፋብሪካ ለማምረት ወስኖ ስለነበር፣ የኋላው ክፍል ከፊቱ ጋር የተወለደ እንጂ የተቀጠለ አይመስልም። በሌላ ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 1993 የተመረተው የቮልቮ 240 ስቴሽን አለ፤ የኋላ በሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ብዙዎች ሳጥን ይሉታል፤ እኔ ግን ያለ አንዳች ማስመሰል ሥራውን የሚናገር ቅርጽ ሆኖ አገኘዋለሁ። ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ መስታወቱና ሞላው ባሉበት ይቆዩ፤ ፖርቶ መጋላውን ግን ያውርዱት። ያን የመሰለ ረጅም የጣሪያ መስመር በብረት መሸፈን አግባብ አይመስለኝም።

መልስ 3
እኔ በፖርቶ መጋላው ጉዳይ እለያለሁ። ስቴሽን ዋገን የሚለው ስም ራሱ የመጣው አሜሪካ ውስጥ መንገደኛን ከነሻንጣው ከባቡር ጣቢያ ያመላልሱ ከነበሩ ተሽከርካሪዎች ነው። አዳማን በመሰለች የባቡር መንገድ ባሳደጋት ከተማ ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣ የሚታሰርበት ስቴሽን ዋገን ከመልኩ የጎደለ ነገር የለውም፤ እንዲያውም ሙሉ የሚሆነው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ነገር ግን ከቀለም በፊት ወርዶ መጽዳት አለበት። እግሮቹ የሚነክሱት የጣሪያውን የውሃ መውረጃ ጠርዝ ስለሆነ፣ ቀለሙን ፍቀው ዝገት የሚያስጀምሩት እዚያ ላይ ነው። መልሰው ሲያስሩት በእያንዳንዱ እግር ሥር ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ያስገቡበት።

ጠያቂ (አዳማ)
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ጋራዡ ሄጄ ሞላውም መስታወቱም እንደማይነካ ቁርጡን ነግሬያለሁ። ፖርቶ መጋላው ወርዶ እየተፋቀ ነው፤ በተባለው መንገድ ጎማ አስገብቼ እመልሰዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ላሜራ ሠሪው የመጨረሻውን የጎን መስታወት ጎሚኒ ሲያወጣው፣ ከሥሩ ፀሐይ ያልነካው የመጀመሪያው ቀለም የጣት ስፋት ያህል ሆኖ ወጣ፤ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ነው። መኪናውን ግራጫ ላስቀባው ነበር፤ አሁን ግን ከዚያ ቦታ ናሙና ተወስዶ ቀለሙ በዚያው ልክ እንዲበጠበጥ አዝዣለሁ።