ጨዋ ሰው ቅዳሜ ገበያ አይወጣም?

ጣና ዳር፦
ትናንት እዚህ ባሕር ዳር አንድ ባለ አራት ፎቅ መደብር ሲመረቅ ቆሜ አየሁ። ታች ጤፍ፣ ዘይት፣ በርበሬ። ላይ ጫማ፣ ሱሪ፣ ነጠላ። ይሁን፣ ጥሩ ነው። ማይክ የያዘው ሰውዬ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከእንግዲህ ጨዋ ሰው ቅዳሜ ገበያ ጭቃ አይረግጥም፤ ሁሉም በአንድ ጣራ ስር አለ!» ሰዉ አጨበጨበ። እኔን እናቴ ያሳደገችኝ እዚያ ጭቃ ላይ ጌሾ ቸርችራ ነው። ጨዋ አልነበረችም ማለት ነው?

ደሞዝተኛዋ፦
ኧረ አታክርረው ወንድሜ። ሰውዬው ሱቁን እያሻሻጠ ነው። እኔ ከሰኞ እስከ አርብ ቢሮ ነኝ። ቅዳሜን በፀሐይ ስጋፋ፣ ልጅ አዝዬ ዘንቢል ስጎትት ልዋል? እዚያ ዋጋው ተለጥፏል። በቴሌብር ከፍዬ፣ ደረሰኜን ይዤ እወጣለሁ።

የአደት ልጅ፦
ደረሰኙን ገልብጠሽ እይው። ለነጠላው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከፍለሻል። ምርቃትስ ሰጡሽ?

ደሞዝተኛዋ፦
የምን ምርቃት?

የአደት ልጅ፦
በቃ፣ ገበያ ወጥተሽ አታውቂም ማለት ነው። ሴትዮዋ ጣሳውን ሞልታ ስታበቃ አንድ እፍኝ ትጨምርልሻለች። «ምርቃት» ትልሻለች። የአንቺ ካሽ ሬጅስተር እፍኝ የለውም።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
ሁላችሁም ጨዋ የሚለውን አለፋችሁት። በጎጃም ቅኔ ቤት ጨዋ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፊደል ያልቆጠረ፣ ግዕዝ የማያውቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሰውዬው «ያልተማረ ሰው ገበያ አይወጣም» ብሏል። በዚህ እስማማለሁ። ጤፍ ለይቶ የማያውቅ ሰው ወደ ፎቁ ይሂድ።

ደሞዝተኛዋ፦
ሃሃ፣ ሰም እና ወርቅ መጣ! ሰውዬው ቅኔ አልዘረፈም። ዘይት ነው የሸጠው።

ጣና ዳር፦
ከዘይቱ ጋር ግን እናቴን ሰደባት።

ባለሱቅ ነኝ፦
ስድብ የለም፣ ታሪክም አታድርጉት። ገበያችሁን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ማር ውስጥ ስኳር። ተታለልክ እንበል፣ ማንን ትከሳለህ? ሴትዮዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታ ትቀይራለች። መደብሩ ግን አድራሻ አለው፣ ንግድ ፈቃድ አለው።

የአደት ልጅ፦
የመደብሩ በርበሬ ከሰማይ ወረደ? ያው ከቡሬ መጣ፣ ያው ነጋዴ አስፈጨው። ልዩነቱ ገበያ ላይ ዛላውን በእጄ ሰብሬ ማሽተቴ ነው። እዚያ በላስቲክ ታሽጓል። ልሽተት ብል ጥበቃ ይመጣብኛል።

የቢቸና፦
ጤፉንም አየሁት። «አንደኛ ማኛ» ይላል። የየት ማኛ? ዝም። ዛሬ ማኛ እያሉ የሚያቀርቡልን ብዙው ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ያወጣው ቁንጮ የሚባል ዝርያ ነው። መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ስሙን ጥሩት። የቢቸና ጤፍ ከሆነ ደግሞ ለምን ይደብቁታል?

ሞጣ ቀራኒዮ፦
ቢቸና ሆኖ ስላፈሩበት ይሆናላ 😄 ሞጣ ቢሆን በትልቁ ይጽፉት ነበር።

የቢቸና፦
አንተ ሰው፣ ሞጣ ላይ ጤፍ አለ እንዴ? በጉን ብታወራ ያምርብህ ነበር።

ሞጣ ቀራኒዮ፦
አዲስ አበባ ወፍጮ ቤት ሂድና ጠይቅ። «የጎጃም» ነው የሚሉህ፤ ቢቸና የሚል ጆንያ አታይም።

ጣና ዳር፦
እናንተ ሰዎች፣ ሌላ ቦታ ተጣሉ በሞቴ።

የዘጌ ልጅ፦
እኔ ልናገር። ዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን በሬ አይጠመድም። አይታረስም። ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው ያለን። እናቶቻችን ቅዳሜ በጀልባ ይሻገሩና ጌሿቸውን ሸጠው በዚያው ብር እህል ይዘው ይመለሳሉ። አንድ ቀን፣ አንድ ገበያ። ያ መደብር ከእናቴ ሦስት እስር ጌሾ ይገዛታል? ንግድ ፈቃድ አምጪ ነው የሚላት። «ሁሉም በአንድ ጣራ ስር አለ» ሲባል እሷ ከጣራው ውጭ ናት።

ባለሱቅ ነኝ፦
ማን ገበያው ይዘጋ አለ? ሁለቱም ይኑር።

የዘጌ ልጅ፦
ጭቃ አይረግጥም ያለው ማነው ታዲያ? እኔ ነኝ?

ጋሼ ሽበቱ፦
ልጆች፣ «በአንድ ጣራ ስር» አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ህብረት ሱቅ ነበረን። ስኳርና አቡጀዲ በአንድ ጣራ ስር፣ በኩፖን። ስኳሩ ሲመጣ አቡጀዲው የለም። ሁለቱም ሲመጡ ሰልፉ አያደርስህም።

ባለሱቅ ነኝ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ይሄ የግል ነው። ኩፖን የለ፣ ሰልፍ የለ።

ጋሼ ሽበቱ፦
ሰልፍማ የለም። ዋጋውን ያየ ሰው ምን ይሰለፋል?

ጥጥ ፈታይዋ፦
ስለ ልብሱ የተናገረ የለም። ትናንት ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ነጠላ ብለው የሰቀሉት ጥበቡ ታትሟል እንጂ አልተሠራም። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ነጭ ነው። ሸማኔ የሠራው ጥበብ ከጀርባውም ይታያል። ቡሉኮ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ ልጅቷ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ አወጣችልኝ። ጎጃም መሃል፣ ቡሉኮ ስልሽ ብርድ ልብስ! በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት ይቺ።

ደሞዝተኛዋ፦
እትዬ፣ ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ተቀጣሪ ናት። ደግሞ የሸማኔው ነጠላ ለእኔ ደሞዝ አይቀመስም። የታተመውን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እግዜር ጀርባውን አይገለብጥም።

ጥጥ ፈታይዋ፦
እግዜር አይገለብጥም። አማትሽ ግን ትገለብጣለች።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
😂 ይሄኛው ቅኔ ነው።

ባለሱቅ ነኝ፦
ቀልዱን ትታችሁ አንድ ነገር መልሱልኝ። ክረምት ላይ፣ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጤፏ የበሰበሰባት ሴት ጣራ አትፈልግም? ለገበያው ጣራ ይሠራ የሚል አንድ ሰው አላየሁም። ጭቃውን እንደ ቅርስ ይዛችሁታል።

ጣና ዳር፦
ይሠራ! ማን እምቢ አለ? ለእነሱ ይሠራ ነው የምንለው፣ እነሱን ለማስወጣት አይደለም።

ባለሱቅ ነኝ፦
አሁን አወራን።

ጣና ዳር፦
ጨዋ የሚለውን ግን ያንሳልኝ።

የአደት ልጅ፦
ነገ ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቅቤ ተራ ነኝ። ደሞዝተኛዋ፣ ነይና ምርቃት ላሳይሽ።

ደሞዝተኛዋ፦
ጫማዬን ታጥባለህ?

የዘጌ ልጅ፦
ቆይ፣ መደብሩ ራሱ ጌሾ አለው ወይ? የሚነግረኝ አለ?

ባለሱቅ ነኝ፦
ሦስተኛ ፎቅ ይመስለኛል።

ጥጥ ፈታይዋ፦
ሦስተኛው የሕፃናት ጫማ ነው።