መላዋ ምድር በበረዶ ተሸፍና ነበርን? በትምህርት ሰሌዳችን ላይ የተነሣ ክርክር

ከሱሉልታ፦
ለሰፈራችን ተማሪዎች በምናዘጋጀው የሥነ ምድር ሰሌዳ ረቂቅ ላይ «ከ717 እስከ 635 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን መላዋ ምድር ሁለት ጊዜ በበረዶ ተሸፍናለች» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ዐረፍተ ነገር እንዲወጣ እጠይቃለሁ። በማስረጃነት የሚጠቀሰው ትልቅና ትንሽ ድንጋይ ከጭቃ ጋር ተደበላልቆ የጠጠረ አለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ድብልቅ ግን ከባሕር በታች የሚወርድ የደለል ናዳም ይፈጥረዋል። በአቃቂ ወንዝ ዳር የምናየውን የተደበላለቀ ድንጋይስ በረዶ አመጣው እንላለን?

ከሰበታ፦
የአቃቂው ድንጋይ ለዚህ ጉዳይ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ በአካባቢያችን የድንጋይ ካባዎች የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፣ ዕድሜውም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ብዙም አያልፍም። ስለ ናዳው ያነሡት ተቃውሞ ግን ተገቢ ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንትም አጥብቀው ተከራክረውበታል። ሆኖም ማስረጃው ድብልቁ ብቻ አይደለም። በስስ የተነባበረ ደለል መካከል ከላይ ወድቀው ንጣፎቹን ያጎበጡ ነጠላ ድንጋዮች ይገኛሉ፤ እነዚህን ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ የጣላቸው ናቸው፣ ናዳ እንዲህ አያደርግም።

ከሁሉ የሚከብደው የመግነጢሱ ምስክርነት ነው። ደለል ሲረጋ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድናት የምድርን መግነጢስ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ በምድር ወገብ አጠገብ የረጋው ወደ አግድም፣ በዋልታ አጠገብ የረጋው ወደ ቁልቁል ያመለክታል። በደቡብ አውስትራሊያ የኤላቲና አለቶች የያዙት አቅጣጫ ለአግድም የቀረበ ነው። እንግዲህ በሞቃቱ የምድር ወገብ አጠገብ በረዶ እስከ ባሕር ጠለል ወርዶ ከነበረ፣ ሌላው ምድር እንዴት ሊተርፍ ይችላል? ጆሴፍ ኪርሽቪንክ እ.ኤ.አ. በ1992 «የበረዶ ኳስ ምድር» የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ነጭ በረዶ የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልስ ቅዝቃዜው ራሱን ያባብሳል፤ በበረዶ የተሸፈነ አለት ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር መምጠጥ ስለሚያቆም፣ እሳተ ገሞራዎች የሚያወጡት ጋዝ በሚሊዮኖች ዓመታት ተጠራቅሞ በረዶውን ያቀልጠዋል። በናሚቢያ በበረዶ ዘመኑ ደለል ላይ በቀጥታ የተነጠፈው የካርቦኔት አለት (እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ) የዚህ ድንገተኛ ሙቀት አሻራ መሆኑን ፖል ሆፍማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 አስረድተዋል።

ከለገጣፎ፦
በረዶ ወደ ምድር ወገብ መድረሱን እቀበላለሁ፤ የማልቀበለው «መላዋ» የሚለውን ነው። በዚያው በኤላቲና የባሕር ማዕበል ከፍና ዝቅ እያለ የጻፋቸው ስስ ንጣፎች አሉ፣ ይህም ክፍት ባሕር እንደነበረ ያመለክታል። ብርሃን የሚሹ አልጌዎችም ያን ዘመን አልፈዋል። ስለዚህ በምድር ወገብ ዙሪያ በረዶ ያልሆነ ውሃ ቀርቶ ነበር የሚሉት ተመራማሪዎች ክርክራቸው ባዶ አይደለም።

ከሰበታ፦
የማዕበሉ ንጣፎች በረዶው መቅለጥ ከጀመረ በኋላ የተቀመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይሁንና «መላዋ» የሚለው «በረዶ እስከ ምድር ወገብ አካባቢ ደርሷል» በሚለው ቢተካ እስማማለሁ። የማልስማማው ዐረፍተ ነገሩ ጨርሶ ይውጣ በሚለው ነው። ትግራይ ውስጥ በነጋሽ አካባቢ የዚያ ዘመን የበረዶ ደለል ይገኛል፤ ከሥሩ ባሉት የተምቤን አለቶች ውስጥ የተገኘው የእሳተ ገሞራ አመድም የመጀመሪያው ዘመን 717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ መጀመሩን ለመወሰን ረድቷል። ተማሪዎቻችን ይህን ሳያውቁ የናሚቢያንና የአውስትራሊያን ብቻ እንዲያነቡ አልፈቅድም፤ የነጋሽ አለት በሰሌዳው ላይ ከሁሉ በፊት ይቀመጥ።