የፊት ስክራብ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ግዴታ ይሁን? የቡድናችን ክርክር

ርዕሱን የከፈተችው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከውጭ በሚገባ የፊት ስክራብ (እየታሸ የሞተ ቆዳ የሚያነሳ ማጽጃ) እና ፌስ ዋሽ (የፊት ማጠቢያ) ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን? እኔ ይሁን ባይ ነኝ። ባለፈው በጋ ለብጉሬ ብዬ ፍሬ ፍሬ ያለው ስክራብ ገዛሁ። ጠዋትና ማታ አሸሁበት። መጀመሪያ ፊቴ ለሰለሰ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጉንጬ ማቃጠል ጀመረ። ከዚያ ጠቆረ። ስድስት ወር አለፈው፣ ጥቁረቱ ገና አልለቀቀኝም። በኋላ ጠርሙሱን ገልብጬ ሳይ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ግላይኮሊክ አሲድ» ይላል። ከሥሩ ስለ ፀሐይ ማስጠንቀቂያ አለ። እኔስ ዘግይቼም ቢሆን አነበብኩት። እናቴ ብትሆን ጭራሽ አይገባትም ነበር።

ባለሱቁ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ግን አልስማማም። ኮስሞቲክስ ስሸጥ ዓመታት አልፈውኛል። ግማሹ ዕቃ በሻንጣ ነው የሚገባው። ሕጉ ቢወጣ ወጪው የሚያርፈው በሕጋዊ መንገድ በሚያስገባው ላይ ነው። ሌላው ማተሚያ ቤት ሄዶ የፈለገውን ጽፎ ይለጥፋል። ደግሞ ደንበኛ ገብቶ የሚጠይቀኝ «ፊት የሚያጠራ አለህ?» ብሎ ነው። ጠርሙስ ገልብጦ የሚያነብ ሰው በወር አንድ ቢገኝ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦
እኔም ዝርዝሩን መተርጎም አይጠቅምም ባይ ነኝ፣ በሌላ ምክንያት ግን። በማሸጊያው ላይ ያሉት ስሞች ዓለም አቀፍ ናቸው። አንድ ንጥረ ነገር አዲስ አበባም ዱባይም በአንድ ስም እንዲታወቅ ተብሎ የተሠራ ስርዓት ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የሚጠቅማችሁ ያ ስም ነው። «ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን» በፊደላችን ቢጻፍ ለማን ምን ይጨምራል? ከኮኮናት ዘይት የሚሠራ አረፋ ሰጪ ነው፣ አለቀ።

ይልቅ ዝርዝሩን ማንበብ እንማር። ቅደም ተከተሉ በብዛት ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉ ይበዛል፣ ብዙ ጊዜ ውኃ ነው። ከዚያ አረፋ ሰጪዎቹና ግሊሰሪን ይመጣሉ። ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን እንደፈለጉ ሊደረደሩ ይችላሉ። ስለዚህ ጠርሙሱ ፊት ላይ በትልቁ የተሣለችው እሬት ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ካለች፣ ያለችው ጠብታ ያህል ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ቲቸር፣ እኔ ማንበብ ጀምሬ ነው የፈራሁት። የልጄ ፌስ ዋሽ ላይ «ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ» አየሁ። ይሄ የሚያቃጥለው ኮስቲክ ሶዳ አይደለም እንዴ? ወዲያው ጣልኩት።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ነው፣ ግን በዚያ መጠን አያሰጋም። በጣም ጥቂት ይጨመርና ፌስ ዋሹ ውስጥ ያለውን የአሲድ ኃይል ያበርዳል። ከአሲዱ ጋር ተዋህዶ ሌላ ነገር ይሆናል። ስሙ ብቻ አስደንግጦ ደህናውን ዕቃ አስጣለዎት። የምፈራው ይሄንን ነው፤ ስም ያለ መጠን ሲነበብ ሰው ያስፈራል እንጂ አያስተምርም።

ፋርማሲስቷ፦
እኔ ከከፈተችው ጋር ነኝ። ቲቸር ስለ ስሞቹ ልክ ነው። ግን እሷን የጎዳት ስም አለማወቅ አይደለም፣ አጠቃቀም አለማወቅ ነው።

የሞተ ቆዳ የሚያነሳ ማጽጃ ሥራውን በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በማሸት ነው። የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት፣ የአፕሪኮት ፍሬ፣ ሩዝ፣ ስኳር። ስኳር ውኃ ሲነካው ይሟሟል፣ ጠርዙም ይለዝባል። ቅርፊት ግን እስከ መጨረሻው ስለታም ነው። ሁለተኛው በአሲድ ነው። ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድ ላይ ላዩን ያሉትን የሞቱ ሕዋሳት ያያያዘውን ያላላሉ። ላክቲክ እርጎን የሚያኮመጥጠው ራሱ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ግን በስብ ይሟሟል። ስለዚህ ወዛም ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፤ ለብጉር የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

እህቴ፣ ያንቺ ዕቃ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል። ፍሬውም አሲዱም አለው። ያውም በቀን ሁለቴ! አሲድ ያለው ፌስ ዋሽ ቶሎ ስለሚታጠብ ሳይታጠብ ፊት ላይ ከሚቆይ አሲድ ያለው ቅባት ይልቅ ለስላሳ ነው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየታሸ ግን ልስላሴው ይቀራል። ጠይም ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ቀለም ያመርታል። ፈረንጅ ላይ ቀልቶ የሚጠፋው እኛ ላይ ጠቁሮ ወራት ይቆያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አሲድ ተጠቅመሽ ያለ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ታክሲ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ስትቆሚ ምን እንደሚሆን አስቢው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ማግኘት መብታችን ነው።

ተፈጥሮ ወዳዷ፦
ለዚህ እኮ ነው እኔ የፋብሪካ የማልገዛው። የቡና አተላ፣ ማር፣ ሎሚ። ንጹሕ ነገር ነው፣ ማስጠንቀቂያም አያስፈልገው።

ፋርማሲስቷ፦
ውዴ፣ ማሩ ይሁን። ሎሚውን ግን ተይ፣ በጣም ነው የምለምንሽ። ሎሚ ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ፣ ፉሮኩማሪን ይባላል። ውኃ ቋጥሮ ጠባሳ እስኪተው ሊያደርስ ይችላል።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ልጨምር። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 አካባቢ ነው፤ ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል። ለቤት በሚሸጡ ግላይኮሊክ ምርቶች ላይ የአሜሪካ የኮስሞቲክስ ገምጋሚዎች ያስቀመጡት ወሰን አሲዱ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ፒኤቹም ከ3.5 እንዳይወርድ ነው። በ2 እና በ3.5 መካከል ያለው የአሲድነት ልዩነት 30 እጥፍ ገደማ ነው።

ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ፦
እዚህም ያለው ጉዳይ ግማሽ ግማሽ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ለብጉር ሲሸጥ እንደ መድኃኒት ስለሚቆጠር መጠኑን መጻፍ ግዴታ ነው፤ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ። ግላይኮሊክ ግን ኮስሞቲክስ ስለሆነ በመቶኛ መጻፍ አይገደዱም። የፀሐዩን ማስጠንቀቂያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው እንደ ምክር ነው። እየተጠቀማችሁ ሳለ፣ ካቆማችሁ በኋላም ለአንድ ሳምንት ከፀሐይ ተጠንቀቁ ይላል። ያ «አንድ ሳምንት» የሚለውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በሕግ የቆረጡት ፕላስቲኩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦባማ የፈረሙት ሕግ ስክራብ ውስጥ ለማሸት የሚጨመሩትን ደቃቅ የፕላስቲክ ፍሬዎች ከሚታጠቡ ኮስሞቲክሶች አስወጣ። ከሐምሌ 2017 ማምረት፣ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ መሸጥ ቆመ። ምክንያቱ ቆዳ አልነበረም፣ ውኃ እንዳይበከል ነው። ዕቃ ስትልኩልኝም ስልክላችሁም «ፖሊኢትሊን» (የፕላስቲኩ ስም) የሚል ቃል ካለ አልቀበልም፣ አልልክምም።

ባለሱቁ፦
እሺ፣ ስለ ቅርፊቱ ግን አንድ ነገር ልበል። ሴንት አይቭስ የሚባለው የዋልነት ቅርፊት ያለው ስክራብ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ተከሶ ነበር፤ ቆዳ ይሰነጥቃል ተብሎ። በ2018 ዳኛው ለኩባንያው ነው የፈረዱት፣ ጉዳቱ አልተረጋገጠም ብለው። ሁሉንም ነገር መርዝ አናድርገው።

ፋርማሲስቷ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ መርዝ አላልኩም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በለስላሳ እጅ ያሸችው ሴት ላትጎዳ ትችላለች። ብጉሩ ላይ አጥብቃ የምታሸው ግን ቁስሉን ታባብሳለች። ልዩነቱ አጠቃቀም ነው፣ አጠቃቀም ደግሞ መጻፍ አለበት።

ርዕሱን የከፈተችው፦
ሐሳቤን ላስተካክል። ዝርዝሩ ባለበት ይቆይ፣ ቲቸር አሳምኖኛል። በአማርኛ ግዴታ ይሁን የምለው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አሲድ አለው ወይስ የለውም፣ ካለውስ ስንት በመቶ? በሳምንት ስንት ቀን? ፀሐይስ? ኮስሞቲክስ እንደ ምግብና መድኃኒት ሁሉ በአንድ ባለሥልጣን ሥር ነው። ለመድኃኒት የምንጠይቀውን ለምን ለፊታችን አንጠይቅም?

ባለሱቁ፦
ሦስት መስመር ከሆነ እኔም አልከፋም። ፋርማሲስቷ ጽፋ ትስጠኝ፣ ሕጉን ሳልጠብቅ ነገ መደርደሪያዬ ላይ እለጥፋለሁ። ግን ጥያቄዬን አልመለሳችሁልኝም። በሻንጣ የሚገባውን ማን ያየዋል?

ፋርማሲስቷ፦
ለሻንጣው መልስ የለኝም። ለመደርደሪያህ ግን ይኸው፦ «አሲድ አለው። መጀመሪያ በሳምንት 2 ቀን ብቻ፣ ማታ። ጠዋት ሰንስክሪን ይቀቡ። ካቃጠለዎት ያቁሙ። ከሌላ ስክራብና ከሎሚ ጋር አይደርቡ።» በትልቁ ጻፈው፣ እናቶች ያለ መነጽር እንዲያነቡት።